የአቧራ ማይት አለርጂ ያለበት ልጅ ለዓሣ ትልም «ፖዘቲቭ» የሚሆነው ለምንድን ነው?

በሮም፣ በኦስሎ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ እንበል። የሰባት ዓመት ልጃቸው ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ በተደጋጋሚ ያስነጥሰዋል፤ ሌሊት ደግሞ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ደሙ ይመረመራል። ውጤቱ ሲመጣ የቤት አቧራ ማይት ከፍ ባለ ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይህ የተጠበቀ ነበር። ከዚያው ወረቀት ግርጌ ግን ማንም ያልጠበቀው ስም ሰፍሯል። አኒሳኪስ ይላል፤ በባሕር ዓሣ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ትል ነው። ልጁ ጥሬ ዓሣ ቀምሶ አያውቅም። የሚበላው እናቱ ጠብሳ ወይም ወጥ ሠርታ የምታቀርብለትን ብቻ ነው፤ በልቶም አንድ ቀን እንኳ አልታመመም።

ጥያቄው በዚያው ዕለት ወደ ማጀት ይገባል። ከእንግዲህ ዓሣ ይከልከል? በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከገበታ በሚወጡበት ጊዜ ለልጆቻቸው ዓሣ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን ለማግኘት ደግሞ አንድ የማይመስል ዝምድና መረዳት ያስፈልጋል፤ በፍራሽ ውስጥ የሚኖረው ደቂቅ ፍጥረት እና በውቅያኖስ ውስጥ የሚኖረው ትል በልጁ ሰውነት ዓይን ምን ያመሳስላቸዋል?

የቤት አቧራ ማይት ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን የሆነ፣ ስምንት እግር ያለው፣ ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ የሆነ ፍጥረት ነው። አይናከስም፤ ደምም አይመጥም። ምግቡ ከሰው ገላ የሚረግፈው የቆዳ ፍርፋሪ ሲሆን፣ መኖሪያውም ፍራሽ፣ ትራስ፣ ምንጣፍና ጨርቅ ለበስ ሶፋ ነው። ውኃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት ከአየር ይስባል። በዚህም ምክንያት እርጥበት አዘል በሆነ ከተማ ይራባል፤ ደረቅ በሆነ ከፍተኛ ተራራ ላይ ግን ይመነምናል። የአውሮፓ ሐኪሞች አስም የጠናባቸውን ሕፃናት በስዊዘርላንድ ወደምትገኘው ዳቮስ ይልኩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጆችን የሚያስነጥሰው በዋነኛነት ማይቱ ራሱ ሳይሆን ኩሱ ነው። አንድ ማይት በቀን 20 ገደማ ጥቃቅን እንክብል ይጥላል፤ አልጋ ሲነጠፍና ትራስ ሲራገፍ እነዚህ እንክብሎች ተነሥተው ወደ አፍንጫና ወደ ሳንባ ይገባሉ።

አቧራ ለአስም መንሥኤ እንደሚሆን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ከአቧራው ውስጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግን በውል የታወቀው በ1964 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ሬይንደርት ቮርሆርስት እና ፍሪትስ ስፒክስማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ምርምር ጣታቸውን በዚህ ማይት ላይ ጠቆሙ።

የሚገርመው፣ የሁለተኛው ፍጥረት ታሪክም የሚጀምረው ከዚያችው አገር ነው። ኔዘርላንድሳውያን ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ጥቂት ጨው ነስንሰው፣ እሳት ሳያስነኩ መብላት ይወዳሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንዳንዶቹ ይህን ዓሣ በበሉ በሰዓታት ውስጥ ሆዳቸውን አጥብቆ እያመማቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። የጥገኛ ትሎች ተመራማሪው ቫን ቲል እና ባልደረቦቻቸው በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመሙ ምክንያት ከሄሪንጉ ጋር በሕይወት የተዋጠ እጭ ትል መሆኑን ገለጡ። በ1968 የአገሪቱ መንግሥት ይህ ዓሣ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲቆይ በሕግ አስገደደ፤ ሕመሙም ከአገሪቱ ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቀነሰ።

አኒሳኪስ ሰውን አይፈልግም። ትሉ ለአቅመ መራባት የሚደርሰው በዓሣ ነባሪና በዶልፊን ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከእነርሱ ዓይነ ምድር ጋር ወደ ባሕር ይወጣል፤ እጩን ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረታት ይውጡታል፤ እነርሱን ዓሣና ስኩዊድ ይበሏቸዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ዓሣ ነባሪው ይበላውና ዑደቱ ይዘጋል። ሰው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባው በስሕተት ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ትሉ አያድግም፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሞታል። ነገር ግን ከመሞቱ በፊት የጨጓራን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ አለርጂ ያስነሣል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990 እንዳሳዩት፣ ማከሬል በበሉ ቁጥር ሰውነታቸው ሽፍታ የሚያወጣ ሰዎች የተቆጡት ለዓሣው ሳይሆን በውስጡ ለነበረው ትል ነበር። ሰርዲንና መሰል ዓሦችን በኮምጣጤ ብቻ አዘጋጅቶ መብላት በተለመደባት ስፔንም፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከዚህ ትል የተነሣ ለሕይወት አስጊ የሆነ የአለርጂ ድንጋጤ፣ ማለትም አናፊላክሲስ፣ የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ፍጥረታት የሚገናኙበት መንገድ አይታይም። አንዱ በአፍንጫ ይገባል፤ ሌላው በአፍ። አንዱ ከአልጋ ይመጣል፤ ሌላው ከጥልቅ ባሕር። የሚገናኙት በጡንቻቸው ነው።

ጡንቻ ያለው እንስሳ ሁሉ ትሮፖማዮሲን የተባለ ፕሮቲን አለው። እንደ ገመድ የተገመደ ረጅም ሞለኪውል ሲሆን፣ ጡንቻ መቼ እንደሚኮማተርና መቼ እንደሚላላ በመቆጣጠር ያገለግላል። ሥራው ለሕይወት አስፈላጊ በመሆኑ ባሕርዩ በረጅም ዘመናት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም። የማይት፣ የአኒሳኪስ፣ የሽሪምፕ፣ የበረሮ ትሮፖማዮሲን በእጅጉ ይመሳሰላሉ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጡቦች የተገነባ ነው ብንል፣ የማይቱም የትሉም ትሮፖማዮሲን እያንዳንዱ 284 ጡብ አለው፤ አብዛኛውም ጡብ በተመሳሳይ ቦታ የተቀመጠ ተመሳሳይ ጡብ ነው። ፓራማዮሲን የተባለ ሌላ የጡንቻ ፕሮቲንም እንዲሁ በሁለቱ ዘንድ ይገኛል።

የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ደግሞ የሚያውቀው ስምን ሳይሆን ቅርፅን ነው። አለርጂን የሚያስነሣው ፀረ እንግዳ አካል፣ በ1966 እና በ1967 በአሜሪካ ዴንቨር እና በስዊድን ኡፕሳላ በየፊናቸው በሚሠሩ ተመራማሪዎች የታወቀው «አይ ጂ ኢ»፣ በአንድ ፕሮቲን ላይ ያለን ትንሽ ቅርፅ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ አጥብቆ ይይዛል። የልጁ ሰውነት በማይቱ ትሮፖማዮሲን ላይ አይ ጂ ኢ ካዘጋጀ፣ ያው አይ ጂ ኢ በትሉ ትሮፖማዮሲን ላይ ተመሳሳይ ቅርፅ ሲያገኝ እርሱንም ይይዛል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ለምርመራ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ትሉ በሙሉ ተፈጭቶ የተገኘ ጭማቂ ነው። በጭማቂው ውስጥ የትሉ የራሱ የሆኑ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከማይት ጋር የሚጋራቸውም አሉ። መሣሪያው ሁለቱን አይለይም፤ አንዱ ከተያዘለት «ፖዘቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ባለሙያዎች ይህን ክሥተት ተሻጋሪ አለርጂ ይሉታል። በ2001 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት በአኒሳኪስ እና በበርካታ የማይት ዝርያዎች መካከል ይህ መሻገር መኖሩን አሳይቷል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው ግን ከትሉ ጋር በቀጥታ የማይያያዝ ሌላ ጥናት ነው። የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ ሽሪምፕንና መሰሎቹን ይከለክላል። ሕጉን አጥብቀው የሚጠብቁ፣ በዘመናቸው ሽሪምፕ ያልቀመሱ፣ ነገር ግን የማይት አለርጂ ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ተመረመሩ። በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በደማቸው ውስጥ የሽሪምፕን ትሮፖማዮሲን የሚይዝ አይ ጂ ኢ ተገኘ። ያልበሉትን ምግብ ሰውነታቸው «ያውቀዋል»። ያስተዋወቃቸው ቤታቸው ውስጥ ያለው አቧራ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አለመብላት በኦሪት ዘሌዋውያን ላይ የተመሠረተ ልማድ በመሆኑ በብዙ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ቤተሰቦችም ዘንድ ይሠራበታል። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ የምርመራ ወረቀት ላይ «ሽሪምፕ» የሚል ውጤት ቢወጣ ወላጅ በዚህ ብቻ ልጁን መጠርጠር የለበትም፤ ውጤቱ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተደብቆ በልቷል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር አለ። ዓሣ ራሱ አከርካሪ ያለው እንስሳ ነው፤ ትሮፖማዮሲኑም ከማይት ይልቅ ለሰው ይቀርባል። የሰው መከላከያ ሥርዓት ደግሞ የራሱን የሚመስለውን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። እውነተኛ የዓሣ አለርጂ የሚነሣው በዋነኛነት ፓርቫልቡሚን ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ «አኒሳኪስ ፖዘቲቭ» ማለት «ለዓሣ አለርጂ አለው» ማለት አይደለም። ሁለቱ ውጤቶች የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ የማይት አለርጂም በራሱ ልጁን ከዓሣ የሚያርቅ ምክንያት አይሆንም።

ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ ሞቃት አገር በቅርብ ለመጡ ልጆች ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው። እርሱም ወስፋት ነው። ወስፋት እና አኒሳኪስ በዘር ሐረግ የተቀራረቡ ትሎች ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ ወስፋት የነበረበት ልጅ ደም የአኒሳኪስን ጭማቂ ሊይዝ ይችላል። በኮሎምቢያ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ የወስፋት ትሮፖማዮሲን ከማይት ትሮፖማዮሲን ጋር እንደሚሻገር አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ማይት፣ ወስፋትና የዓሣ ትል በአንድ ልጅ ደም ውስጥ እርስ በርስ ሊምታቱ ይችላሉ። ትል በብዛት በሚገኝበት አካባቢ ያደገ ልጅ ጠቅላላ የአይ ጂ ኢ መጠኑም ከፍ ያለ ስለሚሆን፣ አለርጂ ሐኪሙ የልጁን የትውልድ ቦታና የትል ሕክምና ታሪክ ቢያውቅ ወረቀቱን በተሻለ ያነበዋል። ይህን ሐኪሙ ካልጠየቀ ወላጅ ራሱ ሊነግረው ይገባል።

የትልና የአለርጂ ግንኙነት ሲነሣ የጅማ ጥናት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ2001 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ይህ ጥናት በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ነበር። በአልጋቸው አቧራ ውስጥ የማይት ፕሮቲን የበዛባቸው ሰዎች የትንፋሽ ማፏጨት ችግር ይበልጥ ታየባቸው፤ መንጠቆ ትል በሆዳቸው ያለባቸው ደግሞ ያ ችግር ቀንሶ ተገኘ። ትል የመከላከያ ሥርዓቱን ያለዝባል የሚለው መላምት ከእንዲህ ያሉ ግኝቶች ብርታት አግኝቷል። መንጠቆ ትል ደም የሚመጥና ሕፃናትን ለደም ማነስ የሚዳርግ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ ለአስም መድኃኒት ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ልጅ ወረቀት ስንመለስ፣ ከቁጥሩ ሁሉ በፊት የሚመዘነው ታሪኩ ነው። ልጁ የባሕር ዓሣ ይበላል፤ ከበላ በኋላ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር አጋጥሞት አያውቅም። እንዲህ ባለ ልጅ ላይ የተገኘው ውጤት የሚለው፣ ሰውነቱ ያንን ቅርፅ ያውቀዋል ነው፤ ይታመምበታል አይልም። ጥርጣሬ ካለ በአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች የትሉን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ለይቶ መመርመር ይቻላል። «አኒ ኤስ 1» የተባለው ፕሮቲን የትሉ የራሱ መለያ ነው፤ «አኒ ኤስ 3» ደግሞ ያው የጋራው ትሮፖማዮሲን ነው። ሁለተኛው ብቻ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ማይቱ ያደላል። የመጀመሪያው ከተገኘ ልጁ ትሉን በእርግጥ አግኝቶት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ በጥሞና ይታያል።

ወረቀት ብቻ አይቶ ዓሣን ከልጅ ገበታ ማንሣት ዋጋ አለው። ዓሣ ፕሮቲን፣ አዮዲን እና ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልጉ ቅባቶች ምንጭ ነው። ከዚህም በላይ ያለ ምክንያት የተከለከለ ምግብ በልጁ ልብ ውስጥ ፍርሃት ይተክላል፤ በትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ሳይቀር ተለይቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ያለ ምልክት በጅምላ የሚታዘዙ ረጃጅም የአለርጂ ምርመራዎች ብዙ ጊዜ የሚያተርፉት እንዲህ ያለውን ጭንቀት ነው።

በሌላ በኩል የማይዘለሉ ምልክቶች አሉ። ልጁ የባሕር ዓሣ፣ በተለይም ጥሬ ወይም በኮምጣጤና በሎሚ ብቻ የተዘጋጀ ዓሣ ከበላ በኋላ በደቂቃዎችም ሆነ በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ሽፍታ ካወጣ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ሆዱን አጥብቆ ካመመው ያለ ሐኪም ምክር ዳግመኛ ዓሣ ሊሰጠው አይገባም። ትንፋሹ ካጠረ ወይም ራሱን ከሳተ ለአስቸኳይ እርዳታ መደወል ያስፈልጋል፤ በሐኪም የታዘዘለት የኤፒንፍሪን መርፌ ካለም ሳይዘገይ ይወጋል። ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን በበላ ጊዜ አፉን የሚያሳክከው የማይት አለርጂ ያለበት ልጅም እንዲሁ መታየት አለበት። በማይትና በሽሪምፕ መካከል ያለው መሻገር በአንዳንድ ሰዎች ላይ እውነተኛ ሕመም ያስከትላልና።

ትሉን መግደል ከባድ አይደለም። በአሜሪካ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ እንዲበስል ይመከራል፤ በደንብ የተጠበሰ ወይም በወጥ ውስጥ የተንተከተከ ዓሣ ከዚህ ያልፋል። ጥሬውን ለሚበሉ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ዓሣው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ያዝዛል፤ የአሜሪካው መመሪያ በዚሁ ቅዝቃዜ 7 ቀን ይጠይቃል። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣም ሆነ አዋዜ ትሉን አይገድሉትም። አንዳንዶቹ የትሉ ፕሮቲኖች ሙቀት ስለሚቋቋሙ፣ ለትሉ እውነተኛ አለርጂ ያለበት ጥቂት ሰው የበሰለውን ዓሣ መብላት ይችል እንደሆነ የሚወስነው ከሐኪሙ ጋር ነው።

በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በልቶ ያደገ ወላጅ «እኛስ ምን ሆንን?» ሊል ይችላል። የሐዋሳ ዓሣ የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን በሌሉበት አኒሳኪስ ዑደቱን አይጨርስም። በኢትዮጵያ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ የተገኘው ኮንትራሲኩም የተባለ የትሉ ዘመድ ሲሆን፣ እርሱም የሚያድገው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። ከአትላንቲክ ወይም ከሰሜን ባሕር የሚመጣውን ዓሣ በዚያ ልማድ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው።

ልጁን ሌሊት ሌሊት የሚያሳጣው ትንፋሽ የሚመለሰው ግን ከማጀት ሳይሆን ከመኝታ ቤት ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ይታጠባሉ፤ ፍራሽና ትራስ ማይት በማያሳልፍ ሽፋን ይለበጣሉ፤ የክፍሉ እርጥበት ከ50 ከመቶ በታች እንዲሆን ይደረጋል፤ ከተቻለ ምንጣፉ ይነሣል። ይህ ሁሉ በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት አይተካም፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። በሙቅ ውኃ የማይታጠበው የልጁ የጨርቅ አሻንጉሊት ደግሞ በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ፣ ከዓሣው አጠገብ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው ማይቱን ይገድለዋል፤ ኩሱን ግን አያጠፋውምና አሻንጉሊቱ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ከታጠበ በኋላ ለልጁ ይመለስለታል።